ደህና ነኝ ብዬ ፈረምኩ

ሰፈራችን ውስጥ ስለ እኔ አንድ ጥሩ ነገር ይወራ ነበር፤ «አንገቷን ደፍታ የምትሠራ ሴት» እባል ነበር። ቆንጆ ናት ያለኝ የለም፣ ሳቂታ ናት ያለኝም የለም፤ እንዲያውም ቁጡ ናት የሚሉኝ ይበዙ ነበር፣ አልተሳሳቱም። አንገቴን መድፋቴ ግን ቃል በቃል እውነት ነበር። አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ጠዋት ከልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት አንዴ ከተቀመጥኩ ቀና የምለው የፋብሪካው ሠራተኞች ለምሳ ሲያልፉ ነው። ከዚያ መልሼ እደፋለሁ፤ የማታው ፈረቃ ሲገባ እንደገና ቀና እላለሁ። ልጄን ለብቻዬ የማሳድገው በዚያች መኪና ነበር። አባቷ ወዴት ሄደ የሚለው ሌላ ወሬ ነው፣ እዚህ አያስፈልገንም።

ከዓመቱ ሥራዬ ዋናው የክረምቱ ነበር። በአቅራቢያችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ለእኔ ይሰጠኛል፤ ሰማያዊ ሸሚዝ ባለ ነጭ ኮሌታ። ኮሌታ ላይ ስም ነበረኝ። ኮሌታ የልብስ ፊት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልወደቁ ልጁ የቱንም ያህል ቢታጠብ ያልታጠበ ይመስላል። ያን እኩልነት የማገኘው ደግሞ በሜትር አልነበረም። አገጬ ደረቴን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሼ፣ መርፌዋ ላይ አፍጥጬ ነበር። ያ የክረምት ሥራ ከሄደ ሁሉም ነገር እንደሚሄድ አውቅ ነበር፤ የቤት ኪራዩም፣ የልጄ ደብተርም፣ «አንገቷን ደፍታ የምትሠራ» የተባለልኝም።

ነገሩ የደረሰው ቀለበት መንገዱ በሚሠራበት ጊዜ፣ በሰኔ መጨረሻ ነው። የትምህርት ቤቱ ጨርቅ መጥቶልኛል። ከሱቄ ፊት ለፊት ክርና ቁልፍ የሚሸጥ አንድ የስልጤ ሰው ጎረቤቴ ነበር፤ ሰማያዊው ክር እሱ ጋ አልቆ ስለነበር ሳሪስ አቦ ድረስ ሄጄ ገዛሁ። ስመለስ የታክሲው የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ እንደ ልማዱ በከባድ መኪና ተዘጋግቶ ቆምን። እኔ ቁራጭ ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የክሩ ቀለም መግጠሙን ለማየት አንገቴን ደፍቼ ነበር። ያኔ ነው ከኋላችን ጓ ያለው።

ትልቅ ግጭት አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። ታክሲው ተገለበጠ? አልተገለበጠም። ደም ፈሰሰ? አልፈሰሰም። መስታወት እንኳ አልተሰበረም፤ የኋላው ፓራውልት ትንሽ ታጠፈ። ጭንቅላቴ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ተመለሰ፣ በቃ። ክሩ ከእጄ አምልጦ ወንበር ሥር ተንከባለለ፤ እኔም መጀመሪያ የፈለግሁት ክሬን ነው።

የገጨን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ወረዱ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የሰፋ ሽማግሌ ናቸው። «ፍሬን እምቢ አለኝ ልጆቼ፣ ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላሉ። ወያላው ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ሽበታቸውን ሲያይ ስድቡን ዋጠው። ትራፊኩ ሲደርስ አብዛኛው ተሳፋሪ ሌላ ታክሲ ፍለጋ ተበትኗል። የመጨረሻ ወንበር ላይ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ጠራኝ።

«እንዴት ነሽ እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የተጎዳሽው ነገር የለም?»

ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ተጎድቻለሁ ካልኩ እንደሚታሰሩ እሳቸውም፣ እኔም፣ ትራፊኩም እናውቃለን። ማጅራቴ ላይ ትንሽ ሙቀት ይሰማኝ ነበር፤ ሙቀት ደግሞ ሕመም አይደለም።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም። አይዞዎት አባባ።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ!» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። ትራፊኩ ወረቀቱን የጭነት መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ጻፈና አነበበልኝ፤ ተሳፋሪዋ ደህና መሆኗን በራሷ ቃል ገልጻለች ይላል። ኮፈኑ ገና ይሞቅ ነበር። ፈረምኩ።

አልዋሸሁም። እኛ ዘንድ «ደህና ነሽ?» ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱም መልስ አይደለም። እናቴ በሞተችበት ዕለት ጠዋት እንኳ ጎረቤት ከበር ሆና «እንዴት አደርሽ?» ስትላት «ደህና፣ ተመስገን» ብላለች። እኔም ከእሷ ነው የተማርኩት። ልዩነቱ የእሷን ማንም አለመጻፉ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከትራሴ ልነሣ ብል ጭንቅላቴ አልመጣ አለኝ። ሌላ አባባል የለኝም፤ እኔ ተነሣሁ፣ እሱ ቀረ። በመጨረሻ በሁለት እጄ ከኋላ ደግፌ እንደ ውኃ ባልዲ አነሣሁት። ብርድ ነው ተባለ። ትራስ ነው ተባለ። የሰው ዓይን ነው ያለችም ነበረች። ሳምንት ሲሞላው ጎረቤቶቼ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻዋ ስንቱን የተሰበረ ክንድ የጠገኑ፣ እጃቸው እንደ ወንድ የጠነከረ እናት ነበሩ። «ጅማትሽ ዞሯል እንጂ ሌላ አይደለም» ብለው ቅቤ ቀብተው አሹኝ፤ ከዚያ አገጬን በአንድ እጅ፣ ማጅራቴን በሌላው ይዘው ሳላስበው ጠመዘዙት። ቋ አለ። ከጎረቤቶቼ አንዷ የገባ መስሏት እልል አለች።

«አሁንስ እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ ወጌሻዋ።

«ደህና ነኝ፣ እጅዎን ይባርከው።»

ያን ቀን በእርግጥም ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደነዘዙ። መርፌ መያዝ አለመያዜን ካላየሁ አላውቅም። ለማየት ደግሞ አንገት መድፋት ነበረብኝ።

ከዚያ ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «አጥንትሽ ደህና ነው» አለኝ። አጥንቴ እንኳ እንደ እኔው ደህና ነኝ ይላል። «ታዲያ ምን ሆኜ ነው?» ስለው ጥሩ ሰው ነበር፣ አልዋሸኝም። ራጅ ላይ የሚታየው አጥንት ብቻ ነው፣ ጅማትና ሥጋው አይታይም አለኝ። አንዳንዱ በጥቂት ሳምንት ይድናል፣ አንዳንዱ ላይ ዓመታት ይቆያል፤ የትኛው ሰው የትኛው እንደሚሆን አስቀድመን አናውቅም አለኝ። ማስታገሻና ከፕላስቲክና ከስፖንጅ የተሠራ የአንገት ድጋፍ አዘዘልኝ፤ ድጋፉንም ከጥቂት ቀን በላይ እንዳላደርገው አስጠነቀቀኝ፣ አንገት ይሰንፋል ብሎ። ቤት ስደርስ ድጋፉን ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። የሰነፍ ስፌት ነበር። ልጄ «እማዬ፣ ኮሌታ ገዛሽ?» አለችኝ።

ሐምሌ ገብቷል፣ ጨርቁ ተከምሯል። አንገቴ ወደ መኪናዋ መውረድ ካልቻለ መኪናዋ ወደ አንገቴ ትውጣ ብዬ አራት ብሎኬት አስመጥቼ ከአራቱ እግሮቿ ሥር አስቀመጥኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። መርፌዋ ዓይኔ ፊት መጣች፣ መርገጫው ግን አብሮ ከፍ ስላለ ጉልበቴ ከጠረጴዛዋ ሥር ተጋጨ። ወንበሬን ከፍ አደረግሁ፤ እግሬ ተመቸው፣ አንገቴ ግን እንደገና መድፋት ግድ ሆነበት። አንዱን ብሎኬት አወጣሁ፣ ሌላውን ሰበርኩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሲቀር ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሥሯ አነጠፍኩ። አንገትና እግር አልስማማ አሉ። መኪናዋ ሌላው መኪና ያደረገውን ሳታውቅ እዚያው ቆማለች። ብሎኬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በንዴት ነበር እንጂ በሕመም አልነበረም።

የቻልኩትን ሰፋሁ። አሥር ደቂቃ እሰፋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ ዓይኔ ድረስ የሚወጋ ሕመም ነበር፤ ሲመጣ ማየቴ ይደበዝዝብኛል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ከተሰፉት አንዱን አንሥቶ ኮሌታውን በጣቱ አስተካከለ፤ አልስተካከል አለው። እንደገና አስተካከለ። ከዚያ አጣጥፎ አስቀመጠውና «ዘንድሮ ብታርፊ ይሻላል፤ ለሚቀጥለው ዓመት አብረን እንሠራለን» አለኝ። ያልተሰፋውን ጨርቅ በጋሪ አስጭኖ ወሰደ። የሚቀጥለው ዓመት መጣ፣ ሌላው ዓመትም መጣ፣ እሱ አልመጣም። አልፈረድኩበትም። እኔም ብሆን ለዚያ ኮሌታ አልመጣም ነበር።

ድጋፉን አንገቴ ላይ ሳደርግ ሰው ሁሉ ያምነኛል፤ «እግዜር ይማርሽ» ይለኛል፣ ወንበር ይለቅልኛል። ሳወልቀው «ተሻለሽ፣ እልል!» ይባላል። ስለዚህ ሐኪሙ አታድርጊው ያለኝን ገበያና ለቅሶ ቤት ስሄድ እንደ መታወቂያ ማድረግ ጀመርኩ። የሚብሰው ያላደረግሁት ቀን ነው። አዛውንት ሰላም ስል ጎንበስ ማለት አልችልም፣ የጠራኝን ሰው ዞሬ ማየት አልችልም፤ መላ ሰውነቴን ይዤ እንደ ቁም ሣጥን መዞር አለብኝ። አንድ ቀን ለቅሶ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ለጎናቸው «አየሻት? ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሠራው ኮራች» ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ መልስ መስጠት ፈለግሁ። መዞሩ ራሱ ጊዜ ስለሚፈጅ እስክዞር ወሬው ሌላ ቦታ ደርሶ ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን ከፊት ለፊቴ ያለው ጎረቤቴ ነገሬን ሁሉ ያያል። ከባንኮኒው ላይ ሆኖ «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ አንድ ቀን። «ለሐኪም ደህና ነኝ አይባልም።»

«መቼ አልኩ?»

«አሁን ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? ዓይንሽ እያለቀሰ ደህና ነኝ አልሽኝ! እኔ ጋ ተለማመጂ። እንዴት ነሽ?»

«ደህና...»

«እንደገና! እንዴት ነሽ?»

«አሞኛል።»

«ጮክ በይ!»

«አሞኛል! አንገቴን አሞኛል! መሥራት አልቻልኩም!» ልጄ ከክር ካርቶኑ ላይ ሆና በሳቅ ተንከተከተች። እሱም ሳቀ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክረምት ሳቅሁ። ሲያመኝ ቆም እያልኩ ሳቅሁ።

መሀል ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ቀጠሮ ያገኘሁት ከስንት ወር በኋላ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ከመጨረሻ ወንበር ሸሽቼ ጋቢና ተቀምጬ፣ እስክደርስ ድረስ በልቤ «አሞኛል፣ መሥራት አልቻልኩም» እያልኩ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደክሟታል፣ ግን ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።

«እንዴት ነሽ እናቴ? ከበፊቱ ተሻለሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አፌ ነው ያለው። እኔ ስሰማው ደነገጥኩ። እሷ ግን ጽፋለች። ከበሩ ቀጣዩ በሽተኛ አንገቱን አስግጎ ያየናል፤ ያ አንገት እንዴት ያምራል ብዬ ቀናሁ። «ግን አንገቴን...» ስል «እሱ ቀስ በቀስ ይተውሻል፣ የአንገት ስፖርት ሥሪ» አለችኝ። ወጣሁ። ጎረቤቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ምን አልሽ?» አለኝ። «አልሃምዱሊላህ አልኳት» አልኩት። አልሳቀም።

ወደ ትራፊክ ቢሮም ሄጃለሁ። ቃሌን ለማስለወጥ ነበር፤ የመኪናው ኢንሹራንስ ቢያንስ ያሳክመኝ ብዬ። ፋይሉን አወጡት። የተቀመጠው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አነበበውና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ይሄ ፊርማ ያንቺ ነው?» የእኔ ነው። «ያስገደደሽ ሰው ነበር?» አልነበረም። «ታዲያ እህቴ፣ ደህና ነኝ ብለሻል እኮ» አለኝ፣ እንደ ወንድም። ደህና ማለት ደህና ማለት አይደለም ብዬ እንዴት ላስረዳው? እሱም እኮ ስገባ «እንዴት ዋልሽ?» ብሎኝ «ደህና» ብዬዋለሁ።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። መኪናዋን አልሸጥኳትም፤ ልጄ አደገችና ለጥቃቅኑ ነገር ትረግጥልኛለች። እኔ የቀረልኝ የእጅ ሥራ ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ የሱሪ ጫፍ መዘምዘም፣ ያለቀ ኮሌታ ተርትሮ መገልበጥ። ጨርቁን ወደ ዓይኔ ከፍ አድርጌ፣ ክንዴ እስኪዝል እሠራለሁ። በየቀኑ ያመኛል። የማያመኝ ቀን ሲገኝ ደግሞ እፈራለሁ፣ ነገ ምን ሊያመጣ ነው ብዬ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ለእኒያ ሽማግሌ የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ። ጨርቅ ሳነሣ እላለሁ፣ ሳወርድ እላለሁ። «አባባ፣ የዚያን ቀን ደህና አልነበርኩም። ይኸው መኪናዬ፣ ይኸው እጄ፣ ይኸው የቀረሁት።» ምን እንዲያደርጉልኝ እንደምፈልግ አላውቅም። እንዲያውቁልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የከተማው ባቡር መሥመር ቃሊቲ ድረስ በሚቆፈርበት ወቅት፣ አቧራው ቤት ድረስ በሚገባበት አንድ ቀን፣ አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት በሬ ላይ ቆሙ። በፌስታል የታጠፈ ሸሚዝ ይዘዋል። «ልጆቼ፣ ኮሌታ የምትገለብጠው እዚህ ናት?» አሉ። ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው ግን «ልጆቼ» አሉ። በድምፃቸው አወቅኋቸው። ጎንበስ ሳልል ሰላም አልኩና ወንበር ሰጠኋቸው። 

ቀና ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። «አንቺን የት ነው የማውቅሽ?»

«ቃሊቲ ላይ፣ አባባ። ታክሲ ውስጥ። ከኋላ የገጩን ጊዜ።»

ከዘራቸው ወደቀ። አልተነሣላቸውም፤ እኔም ላነሣላቸው አልችልም፣ ሁለታችንም መሬት ላይ ትተነው አየነው። «አንቺ ነሽ!» አሉ፣ ዓይናቸው ሞላ። «አንቺ ነሽ ያቺ የተባረክሽ ልጅ! ከዚያ ቀን ወዲያ እኮ መሪ አልያዝኩም። ፈራሁ። ሰው ጎድቼ ቢሆንስ እያልኩ ስንት ጊዜ ባነንኩ። ኋላ ግን ያቺ ልጅ ደህና ነኝ ብላኛለች እላለሁ፣ እሱን ይዤ እተኛለሁ። እሱን ይዤ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።» ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ሳብ ብለው እጄን ያዙኝ፤ የደነዘዘውን እጄን ነው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንዲያው የእውነት ንገሪኝ ልጄ። የሆንሽው ነገር የለም? ደህና ነሽ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ጥያቄ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። መልሱን አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። እንደዚያን ቀኑ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«ደህና ነኝ አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

መረቁኝ፤ ረዥም ምርቃት ነበር። ጎረቤቴ መጥቶ ከዘራቸውን አነሣላቸውና እያነከሱ ወጡ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ላያቸው ፈልጌ ነበር፤ መላ ሰውነቴን ይዤ እስክዞር አቧራው ውስጥ ገብተው ነበር።

ሸሚዙን ወደ ዓይኔ ከፍ አድርጌ የኮሌታውን ክር መተርተር ጀመርኩ። ድሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሲመጡ ለበሱትና ደረታቸውን ነፍተው «እጅሽ ይባረክ፣ እንደ አዲስ አደረግሽው» አሉኝ። የግራው ጫፍ ከቀኙ ዝቅ ብሏል። እሳቸው አላዩትም።